መጀመሪያ ብስክሌት ነበረ፦ ስለ ዋንደረር ሚሊንግ ማሽንና ስለ አውዲ አራተኛ ቀለበት

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው። ካሉን ማሽኖች አንዱ በጣም አሮጌ ሚሊንግ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ነው። ሰሌዳው ላይ ‹ዋንደረር› ይላል። ጓደኛዬ ‹ይሄ ድርጅት ድሮ መኪና ይሠራ ነበር፤ አውዲ ላይ ካሉት አራት ቀለበቶች አንዱ የእሱ ነው› አለኝ። እውነት ነው ወይስ እያሾፈብኝ ነው? ማሽን ሠሪ እንዴት መኪና ውስጥ ገባ? ለምንስ ተወው? የኛ ማሽን መቼ እንደተሠራስ ማወቅ ይቻላል?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ አላሾፈብህም። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ሁለት ቦታ መስተካከል አለበት። አንደኛ፣ ማሽን ሠሪው አይደለም ወደ ተሽከርካሪ የገባው። ተሽከርካሪ ሠሪው ነው ወደ ማሽን የገባው። ሁለተኛ፣ ቀለበቱ የዋንደረር የመኪና ክፍል ነው እንጂ የድርጅቱ አይደለም። አንተ ጋ ያለው ማሽን ከ1932 በኋላ የተሠራ ከሆነ፣ ከአውዲ ጋር የሚያገናኘው ስሙና የትውልድ ከተማው ብቻ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቦታው ጀርመን ነው፣ ሳክሶኒ ውስጥ ያለችው ኬምኒትስ ከተማ። በ19ኛው መቶ ዘመን ኬምኒትስን «የሳክሶኒ ማንቸስተር» ይሏት ነበር። የጨርቅ ፋብሪካው ብዙ፣ የሸማኔ ማሽን ሠሪው ብዙ፣ ጭሱም በዚያው ልክ። ሸማኔ ማሽን የሚሠራ ደግሞ ብረት የሚቆርጥ ማሽን ይፈልጋል። ስለዚህ ቶርኖና ፕላነር (ብረት የሚልግ ማሽን) የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከተማዋ ውስጥ ገና ከመቶ ዘመኑ አጋማሽ ጀምሮ ነበሩ። እዚያ አድጎ ብረት የማያውቅ ወጣት ማግኘት ይከብዳል።

በ1885 ዮሐን ባፕቲስት ቪንክልሆፈርና ሪቻርድ አዶልፍ የኒከ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዚያች ከተማ ውስጥ አንድ የብስክሌት ሱቅ ከፈቱ። መሸጥና መጠገን ነበር ሥራቸው። ብዙም ሳይቆዩ የራሳቸውን ብስክሌት መሥራት ጀመሩ። ገበያው አበደ። በ1896 ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ፋብሪካውም በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ብላ ወደነበረችው ሾናው ተዛወረ። ሾናው የምትባለዋን ስም ያዛት፣ ሰሌዳህን ስናነብ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ብስክሌት ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል። ሠርቶ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ኩሽኔታው የሚሄድበት ሳህን፣ የጎማው መሐል፣ የፔዳሉ ዘንግ፣ ካቴናውን የሚይዘው ጥርስ፣ ሁሉም በሺዎች መሠራት አለባቸው፤ ሁሉም እርስ በርስ መተካካት አለባቸው። ሞርሳ ላይ አስረህ በሞረድ እያስተካከልክ አሥር ብስክሌት ትሠራለህ። አሥር ሺህ አትሠራም። የአንዱ ጥርስ ከሌላው ትንሽ ከተለየ ካቴናው ይዘላል፣ ደንበኛው ይመጣና ይጮህብሃል።

ይሄን የሚፈታው ሚሊንግ ማሽን ነው። አንተ በየቀኑ የምትሠራበት ስለሆነ ላስተምርህ አይደለም፤ ግን ሌሎችም ስለሚያነቡት አንድ ምሳሌ ላሳይ። 18 ጥርስ ያለው የብስክሌት የኋላ ጥርስ መቁረጥ ፈልገሃል እንበል። ሥራውን ይዞ በእኩል ክፍልፋይ የሚያዞረው ዲቫይዲንግ ሄድ ላይ ማኖቬላውን (እጀታውን) 40 ጊዜ ስታዞር ሥራው አንድ ጊዜ ይዞራል። ጥርሱ 20 ቢሆን ኖሮ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ 2 ሙሉ ዙር። 40 ለ18 ሲካፈል ግን 2 ዙርና ከዙር ሁለት ዘጠነኛ ይመጣል። ስለዚህ ከማኖቬላው ጀርባ ባለው ባለቀዳዳ ሳህን ላይ 27 ቀዳዳ ያለውን ክብ ትመርጣለህ። 2 ዙር ታዞራለህ፣ ከዚያ 6 ቀዳዳ ትጨምራለህ፣ ትቆርጣለህ። እንደገና 2 ዙርና 6 ቀዳዳ። 18ኛው ሲያልቅ መጀመሪያ የቆረጥከው ላይ ልክ ትመለሳለህ። ካልተመለስክ የሆነ ቦታ ቀዳዳ ስተሃል። ጥበበኛ እጅ አይጠይቅም፤ መቁጠር የሚችልና የማይቸኩል ሰው ይበቃል። ያ ነው የብስክሌት ፋብሪካዎችን ሀብታም ያደረገው።

ዋንደረርም ለራሱ ሥራ የሚሆን ሚሊንግ ማሽን ራሱ ሠራ። ማሽኑ ጥሩ ሆነ። ጥሩ ከሆነ ለሌላውም ይሸጣል ተባለ። በመቶ ዘመኑ መገባደጃ ላይ ሚሊንግ ማሽን የድርጅቱ መደበኛ ምርት ሆነ። ጊዜው ደግሞ ልክ ነበር፤ በ1890ዎቹ መጨረሻ የብስክሌት ገበያው ወደቀ። ሠሪው በዛ፣ የአሜሪካ ብስክሌት በርካሽ ገባ፣ ዋጋው ተንኮታኮተ። የጀርመን ብስክሌት ሠሪዎች በሙሉ ሌላ እንጀራ ፍለጋ ወጡ። ኦፔል መኪና ጀመረ። አድለር መኪናም የጽሕፈት መኪናም ጀመረ። ዋንደረር ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዘ፦ ሚሊንግ ማሽን፣ ከ1902 ጀምሮ ሞተር ሳይክል፣ ከ1904 ጀምሮ «ኮንቲኔንታል» የሚባል የጽሕፈት መኪና።

ከውጭ ሲታይ የተዘበራረቀ ድርጅት ይመስላል። ብስክሌት፣ ሞተር ሳይክል፣ የጽሕፈት መኪና፣ ሚሊንግ ማሽን ምን አገናኛቸው? ፋብሪካው ውስጥ ገብተህ ብታይ ግን ሥራው አንድ ነው። ትንንሽ የብረት ዕቃ፣ በብዛት፣ በጠባብ ልኬት። ሠራተኛው ከጽሕፈት መኪና ወደ ሞተር ሳይክል ክፍል ቢዛወር አዲስ የሚማረው ነገር ብዙ አይደለም። በአሜሪካም እንዲሁ ነው የሆነው። ካዲላክን የመሠረተው ሄንሪ ሌላንድ ከዚያ በፊት ብራውን ኤንድ ሻርፕ የሚባል ማሽን ሠሪ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ነው፤ ልኬት ላይ ያለው ግትርነት ከዚያ የመጣ ነው።

መኪናውስ? ዋንደረር ገና በመቶ ዘመኑ መጀመሪያ ሙከራ አድርጎ ነበር፤ ለሽያጭ ያበቃው ግን በ1912 ነው። ትንሽ መኪና ናት። ሞተሯ 4 ሲሊንደር፣ ከ1.1 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ጉልበቷ 12 ፈረስ። አስገራሚው አቀማመጧ ነው። ሹፌሩ ፊት ይቀመጣል፣ ተሳፋሪው ጎኑ ሳይሆን ከጀርባው። ልክ እንደ ሞተር ሳይክል! ብስክሌትና ሞተር ሳይክል ሲሠራ የኖረ ድርጅት መኪና ሲያስብ እንዲህ ነው የሚያስበው። ጠባብ ስለሆነች ቀላል ናት፣ ቀላል ስለሆነች በትንሽ ሞተር ትሮጣለች። ሕዝቡ ወደዳትና «ፑፕሸን» አላት፤ አሻንጉሊቴ እንደማለት። በጊዜው በርሊን ውስጥ ሁሉም ከሚያንጎራጉረው አንድ ዘፈን የመጣ ቅጽል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱም ተጠቀመባት። እየተሻሻለች እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሠራች። እኔ እንደሚመስለኝ ዋንደረር ከሠራቸው መኪኖች ሁሉ የራሱ ጠባይ የነበራት እሷ ናት። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥሩ፣ ጠንካራ፣ የመካከለኛ ነጋዴና የሐኪም መኪኖች ናቸው። የሚወራላቸው ግን አልነበረም።

በ1927 ለመኪና ብቻ የሚሆን አዲስ ፋብሪካ ዚግማር ላይ ተከፈተ። ዚግማር የሾናው ጎረቤት ናት። ማሽንና የጽሕፈት መኪናው ሾናው ቀረ፣ መኪናው ዚግማር ሄደ። ያኔ ማንም ልብ ያላለው ይመስለኛል፤ ግን ድርጅቱን በኋላ ለሁለት ለመክፈል ቢላዋው የሚያልፍበት መስመር የተሰመረው ያኔ ነው።

ከዚያ 1929 መጣ። የዓለም ኢኮኖሚ ወደቀ። እዚህ ላይ «ለምን ተወው?» ላልከው መልሱ አለ። ሚሊንግ ማሽን አንዴ ጥሩ አድርገህ ከነደፍከው ለብዙ ዓመት ትሸጠዋለህ። ገዢህ ፋብሪካ ነው፣ በደብዳቤ ይዋዋልሃል። መኪና እንደዚያ አይደለም። በየሁለት ሦስት ዓመቱ አዲስ ሞዴል ይጠብቁብሃል። ለአዲስ ሞዴል አዲስ የቆርቆሮ ማተሚያ ቅርጽ ያስፈልጋል፣ እሱ ደግሞ ብር ይበላል። በየከተማው ወኪል ያስፈልግሃል፣ ጋራዥ ያስፈልግሃል፣ ዱቤ ያስፈልግሃል። ፎርድና ኦፔል በብዛት እያመረቱ ዋጋ ሲጥሉ፣ በዓመት ጥቂት ሺህ መኪና የሚሠራ ሰው ትርፉ ይሟጠጣል። የዋንደረር አበዳሪዎችም ይሄን ያዩ ነበር፤ ድሬስድነር ባንክ በድርጅቱ ውስጥ ትልቅ እጅ ነበረው። ስለዚህ ድርጅቱ አንድ በአንድ ተሽከርካሪውን ማራገፍ ጀመረ።

መጀመሪያ የወጣው ሞተር ሳይክሉ ነው። ዋንደረር 500 ሲሲ የሆነ፣ ካቴና የሌለው፣ በዘንግ የሚነዳ አዲስ ሞተር ሳይክል አዘጋጅቶ ነበር። ጥሩ ዲዛይን ነው ግን ውድ ነው፣ ጊዜውም ክፉ ነው። በ1929 ፍራንቲሼክ ያኔቼክ የሚባል የፕራግ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ባለቤት መብቱን ገዛው። ያኔቼክ የራሱን ስም የመጀመሪያ ፊደሎችና የዋንደረርን የመጀመሪያ ፊደሎች አጋጠመና አዲስ ምልክት አወጣ። ጃዋ! አዎ፣ ያቺ የምታውቃት ጃዋ ሞተር ሳይክል። ስለ ዋንደረር ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ግማሽ ስሙን ሲጠሩ ኖረዋል።

መኪናው ላይ ደግሞ አንድ የመጨረሻ ሙከራ ተደረገ። የመኪና ነዳፊው ፈርዲናንድ ፖርሽ በዚያን ጊዜ ሽቱትጋርት ውስጥ የራሱን የዲዛይን ቢሮ እየከፈተ ነበር። ዋንደረር አዲስ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር እንዲነድፍለት አዘዘው። ለቢሮው የመጀመሪያው ሥራ ይሄ ነው። ግን ፖርሽ ቁጥር 1 ብሎ አልመዘገበውም፤ ቁጥር 7 አለው። ደንበኛው «የመጀመሪያ ገበያው ነኝ» ብሎ እንዳይሠጋ ነው። አዲስ ሱቅ ከፍቶ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ከመሐል ቁጥር የጀመረ ሁሉ ይሄን ብልጠት ያውቀዋል። ከዚያ ትእዛዝ የወጡት 1.7 እና 2 ሊትር ሞተሮች የዋንደረርን መኪኖች ለዓመታት ነድተዋል። ሞተሩ ሲደርስ ግን መኪናው ሌላ ቤት ገብቶ ነበር።

1932፣ ሰኔ መጨረሻ። የሳክሶኒ መንግሥት ባንክ ብዙ ብር ያበደራቸው የመኪና ሠሪዎች ሊወድቁ ነው። አንድ ላይ አድርጎ ማዳን ተመረጠ። ዲካቬ፣ አውዲ እና ሆርሽ ተዋህደው አውቶ ዩንየን የሚባል ኩባንያ ሆኑ። አራተኛው ዋንደረር ነው። ግን አገባቡ ይለያል፤ ሦስቱ እንደ ድርጅት ሲዋሃዱ ከዋንደረር የተወሰደው የመኪና ክፍሉ ብቻ ነው። የዚግማር ፋብሪካ፣ የመኪናው ስምና ዲዛይን በግዢና በኪራይ ውል ወደ አውቶ ዩንየን ሄዱ። ሚሊንግ ማሽኑ፣ የጽሕፈት መኪናውና ብስክሌቱ ሾናው ቀሩ፣ ዋንደረር የሚባለው ኩባንያም ራሱን ችሎ ቀጠለ። አራቱ ቀለበቶች የተሳሉት ለዚህ ኅብረት ነው። ሥራ ክፍፍሉም ግልጽ ነበር፦ ዲካቬ ለትንሹ ኪስ፣ ዋንደረር ለመካከለኛው፣ አውዲ ከዚያ ከፍ ላለው፣ ሆርሽ ለባለጠጋው።

ስለዚህ ከ1932 በኋላ ዋንደረር የሚል ስም የያዙ ሁለት የተለያዩ ቤቶች አሉ። አንዱ መኪና ነው፣ ባለቤቱ አውቶ ዩንየን። ሌላው ማሽን ነው፣ ባለቤቱ ዋንደረር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ «የአውዲ ሚሊንግ ማሽን» ብሎ የሚሸጥ ብታይ ፈገግ ብለህ እለፈው።

ጦርነቱን ቶሎ ልለፈው፤ ሁለት ሦስት ነገር ግን መነሳት አለበት። ሲቪል መኪናው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ቆመ፤ የዋንደረር መኪና ዳግመኛ አልተሠራም። የዚግማር ፋብሪካ ማይባክ የሚባለውን የታንክ ሞተር ወደ መሥራት ዞረ፣ በመስከረም 1944ም በቦምብ ተመታ። አውቶ ዩንየን በነዚያ ዓመታት የማጎሪያ ካምፕ እስረኞችን በግዳጅ አሠርቷል፤ ይሄን ዘሎ የአራቱን ቀለበት ታሪክ የሚያወራ ሰው ግማሹን ነው ያወራው። የዋንደረር የጽሕፈት መኪና ክፍል ደግሞ ለጀርመን ጦር ምስጢር መጻፊያ ማሽን ሠራ። ዝነኛውን ኤኒግማን ይተካል ተብሎ የታሰበ፣ ከእሱ በጣም የሚከብድ ምስጠራ ያለው ማሽን ነው። ዘግይቶ ስለመጣ ብዙ አልተሠራም።

ከ1945 በኋላ ኬምኒትስ በሶቪየት እጅ ገባች። ከፋብሪካው የተረፈው ማሽን ተፈትቶ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተጫነ፤ ድርጅቱም ተወረሰ። በጣም የሚገርመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ባዶ አዳራሽ ነው የቀረው። ግን ሚሊንግ ማሽን መሥራት የሚያውቁት ሰዎች እዚያው ነበሩ። ሥራው እንደገና ተጀመረ። ፋብሪካው የኬምኒትስ ተወላጅ በሆነው ኮሙኒስት ፖለቲከኛ በፍሪትዝ ሄከርት ስም ተጠራ፤ ከተማዋ ራሷም በ1953 ካርል ማርክስ ሽታት ተባለች። ፍሪትዝ ሄከርት በምሥራቅ ጀርመን ካሉት ትልልቆቹ ማሽን ሠሪዎች አንዱ ሆነ። የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ብዙ የምሥራቅ ፋብሪካ ሲዘጋ ሄከርት ተረፈ፤ በ1998 የስዊዘርላንዱ ስታራግ ገዛው። ዛሬም ኬምኒትስ ውስጥ ሄከርት በሚል ስም ትልልቅ ኮምፒውተራይዝድ ማሽኖች ይሠራሉ።

ምዕራብ የሄዱትስ? ዋንደረር የሚለው ኩባንያ በሕግ ወደ ሙኒክ ዞረና አጠገቧ ባለች ሐር የምትባል ቦታ ላይ ሚሊንግ ማሽን መሥራት ቀጠለ። የቢሮ ዕቃው ክፍል ኮሎኝ ነበር። ለኮሎኙ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ያቀርብ የነበረ ሐይንዝ ኒክስዶርፍ የሚባል የፓደርቦርን ወጣት ነበር። በ1968 አቅራቢው ደንበኛውን ገዛው፣ 17.2 ሚሊዮን ማርክ ከፍሎ። ኒክስዶርፍ ኮምፒውተር የሚባለው የጀርመን ትልቅ የኮምፒውተር ድርጅት ከዚያ ግዢ ነው የወጣው። አውቶ ዩንየን ደግሞ ባቫሪያ ውስጥ ኢንጎልሽታት ላይ በ1949 እንደገና ተቋቋመ፣ በኋላ በፎልክስቫገን ተገዛ፣ ስሙም እየተለዋወጠ በ1985 አውዲ ብቻ ሆነ። አራቱ ቀለበቶች ቀሩ።

ቪንክልሆፈርንም አልረሳውም፣ ያ የብስክሌት ሱቁን የከፈተው። እሱ ከዋንደረር አመራር ቀደም ብሎ ወጥቶ ነበር። በ1916 ሙኒክ ውስጥ የካቴና ፋብሪካ ከፈተ። ኢዊስ ይባላል፣ አሁንም አለ፤ የመኪና ሞተር ውስጥ ካምሻፍትን (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) የሚያዞረውን ሰንሰለት ይሠራል። ሰውየው በብስክሌት ካቴና ጀምሮ በካቴና ነው የጨረሰው።

አሁን ወደ አንተ ማሽን። ሰሌዳውን በናፍጣ ጨርቅ ጥረገውና የቦታውን ስም ፈልግ፤ በዚህ ማሽን ላይ ከቁጥሩ ይልቅ የቦታው ስም ነው ዕድሜውን የሚናገረው። «ሾናው፣ ኬምኒትስ አጠገብ» ካለ ከ1930ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ ነው። «ዚግማር ሾናው» ካለ ሁለቱ መንደሮች አንድ ከተማ ሆነው በቆዩበት ጊዜ፣ ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950 ባለው ውስጥ ነው። «ሙኒክ» ወይም «ሐር» ካለ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ የምዕራብ ማሽን ነው። «ካርል ማርክስ ሽታት» የሚል ካገኘህ ከ1953 እስከ 1990 ነው፤ ያኔ ደግሞ ስሙ ዋንደረር ሳይሆን ፍሪትዝ ሄከርት መሆን አለበት። የሄከርቶቹ ሞዴል ብዙ ጊዜ ኤፍ ዩ፣ ኤፍ ኤስ ኤስ በሚሉ ፊደሎች ይጀምራል፤ ኤፍ ኤስ ኤስ የሚለው ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያዞረው ዘንግ) ቁልቁል የሆነው ነው። ሰሌዳው ተለውጦ ወይም ተነቅሎ ከሆነ ኮለኑ (የማሽኑ ቋሚ አካል) ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ ወይ ብለህ እይ፤ በብረት ቀልጦ የፈሰሰ ስም አይነቀልም።

ስትሠራበት ደግሞ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የዚያ ዘመን ጠረጴዛ ማንቀሳቀሻ ቪቴ ከብዙ ሥራ በኋላ ይላላል። ማኖቬላውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረህ መልስና ጠረጴዛው ሳይንቀሳቀስ ስንት መስመር በባዶ እንደሚሄድ ቁጠር። ልቅ ከሆነ መቁረጫው ሥራውን ወደ ራሱ በሚስብበት አቅጣጫ አትቁረጥ። መቁረጫው ጠረጴዛውን ይጎትተውና ወይ መቁረጫው ይሰበራል፣ ወይ ሥራው ከሞርሳው ይወጣል። ሁልጊዜ መቁረጫውን ተቃራኒ አድርገህ አስገባው። ዲቫይዲንግ ሄዱም ካለ ባለቀዳዳ ሳህኖቹን ቁጠራቸው። ብዙ ቶርኖ ቤት ሄዱ ተገኝቶ ሳህኑ ይጠፋል፤ ያለ ሳህን ደግሞ 18 ጥርስ አይወጣም። የሰሌዳውን ፎቶ ላክልኝና የቀረውን አብረን እናየዋለን።